ዘር ያልኩበት ቀን

እናቴና አባቴ ያረጁት በአንድ ማሳ ላይ ነው። አገራችን ከቡሬ ወደ ማንኩሳ ሲሄዱ ከአስፋልቱ ወርዶ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር የሚያስኬድ ቀበሌ ነው። አፈሩ ቀይ ነው፤ ክረምት ላይ እግር ይዞ አይለቅም፣ በጋ ላይ ዱቄት ሆኖ ይቦናል። ሁለቱም ጫማ ሳያውቁ በቆሎና ዳጉሳ ሲያርሙበት፣ ጤፍ ሲያጭዱበት ኖሩ። የአባቴ እግር ተሰነጣጥቆ ከመድረቁ በቀር ምንም አልሆነም። የእናቴ ግን እኔን ወልዳ ብዙም ሳትቆይ ከጣቷ ጀምሮ ማበጥ ያዘ፤ እኔ ነፍስ ሳውቅ እብጠቱ ጉልበቷ ሥር ደርሶ ነበር።

በሽታው ዝሆኔ ይባላል። በወር አንዴም ሁለቴም ይነሳባታል፤ ያን ጊዜ እግሯ እንደ ፍም ይግላል፣ ብርድ ብርድ ይላታል፣ ጋቢ ደርበንባትም ትንቀጠቀጣለች። ሕመሙን ግን ትችለው ነበር። ያልቻለችው ሰውን ነው። የማርያም ማኅበር ላይ ሌላው በአንድ ዋንጫ እየተቀባበለ ሲጠጣ እሷ የራሷን ጣሳ በነጠላዋ ጠቅልላ ይዛ ትሄዳለች። አምጪ ያላት ሰው የለም። «እነሱም ይረፉ፣ እኔም ልረፍ» ትል ነበር። ቤተ ክርስቲያን ስትሳለምም ከቅጥሩ በር አታልፍም።

የእሷ አባትም እግራቸው ያበጠ ነበር። ስለዚህ ፊት ለፊት ባይጠሩንም ከኋላ «እነ እግራም» ነበርን። ዘራቸው ነው፣ ይባላል።

ልጅ ሆኜ አንድ ቀን አባቴን «የአንቱ እግር ለምን አላበጠም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ሞፈር እየጠረቡ ነበር፤ መጥረቢያውን አሳረፉና፣

«እግዜር ሲያካፍል ማን አየው፣ ልጄ» አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ ማንንም አልጠየቅሁም።

ትምህርት ሲቀናኝ ቡሬ ቤት ተከራይቼ መሰናዶ ጨረስኩ። ሐኪም እሆናለሁ ብዬ ነበር፤ አልደረሰኝም፣ ባዮሎጂ ተመደብኩ። ተመርቄ ፍኖተ ሰላም ሁለት ዓመት ካስተማርኩ በኋላ ለሁለተኛ ዲግሪ አዲስ አበባ ገባሁ። ሚሊኒየሙ ከተከበረ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው። እዚያ አማካሪዬ የሆኑት መምህር በመጀመሪያው ቀን ስለሚሠሩት ጥናት ሲነግሩኝ እንዲህ አሉ፤

«በአንድ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግራቸው የሚሄዱ ሁለት ሰዎች አሉ። አንዱ እግሩ ያብጣል፣ ሌላው ደህና ነው። ለምን? የእኛ ጥያቄ ይኸው ነው።»

ጥያቄዬን ሰው ሰርቆኝ ሄዶ ከተማ ያገኘሁት መሰለኝ። ለእሳቸው ግን ስለ እናቴ የነገርኳቸው ከብዙ ወራት በኋላ ነው።

ሥራው እንዲህ ነበር። ሰው ከእናትና ከአባቱ የሚወርሰው ዲኤንኤ በአራት ፊደላት እንደተጻፈ ረጅም ጽሑፍ ነው ይሉናል። የታመሙትንና ያልታመሙትን ሰዎች ጽሑፍ ጎን ለጎን አስቀምጦ የት ቦታ ላይ እንደሚለያዩ መፈለግ ነው፤ ጽሑፉ ደግሞ በዓይን የሚያልቅ ስላልሆነ ፍለጋው በኮምፒዩተር ነው። ይህን ሙያ ባዮኢንፎርማቲክስ ይሉታል። ያን ጊዜ አገራችን ውስጥ የሚያውቀው በጣት የሚቆጠር ሰው ነበር። እኔም ኮምፒዩተር ከነካሁ ዓመት አልሞላኝም። ጥቁር ስክሪን ላይ ትእዛዝ እየጻፍኩ፣ አንዲት ነጥብ ተሳስታ ሙሉ ቀን እየፈለግሁ ተማርኩ። ሦስት ቀን የሚፈጅ ስሌት አስጀምሬ በሁለተኛው ቀን መብራት ሲሄድ አልቅሼ አውቃለሁ። ግን ወደድኩት። ከእነ እግራም ቤት የወጣሁ ልጅ መልሱን ይዤ የምገባ መሰለኝ።

ናሙና ልንሰበስብ ወደ ጎጃም ስንወጣ ዐቢይ ጾም ገብቶ ነበር። ፍኖተ ሰላም ላይ አልጋ ይዘን በየቀኑ ወደ ገጠር እንወጣለን። የምንሰበስበው ደም አይደለም፤ ምራቅ ነው። ለሰዉ ትንሽ ብልቃጥ እንሰጠዋለን፣ ተፍቶ እስከ ምልክቱ ይሞላል። ምን ያደርጋል፣ በጾም ሰዓት የሰው አፍ ይደርቃል። አንድ ሽማግሌ ብልቃጧን ይዘው ብዙ ታገሉና፣

«ልጄ፣ በሁዳዴ ምራቅ ከየት ይመጣል?» አሉኝ።

«ሎሚ ያስቡ፣ አባቴ» አልኳቸው።

«የታየኝስ ጠላ ነበር» ሲሉ የቆመው ሁሉ ሳቀ። ከኋላ ደግሞ አንዲት ሴት «እኛ ምራቅ የሚለቅም የምናውቀው መተተኛ ነው» አለች። ሳቁ እዚያ ላይ ቆመ። እንደዚያ እያስረዳን፣ እየለመንን ነበር የምንሠራ።

ወደ እኛ ቀበሌ የሄድን ዕለት ከሁሉ አስቀድሜ እናቴን ቤት ድረስ ሄጄ ለመንኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረችና በነጠላዋ ተከልላ ቀስ እያለች ሞላችው።

«ለአንቺ ብዬ ነው የምሰጥ» አለችኝ። «ሌላ ሰው ቢሆን እንቢ ነበር። ፈውስ ይገኝበታል?»

«ለእኛ ባይደርስ ለልጅ ልጅ ይደርሳል» አልኳት።

በብልቃጡ ላይ የሚለጠፈውን ቁጥር የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስም አይጻፍም፤ ማን የማን እንደሆነ እንዳይታወቅ ነው። የእሷን ቁጥር ግን መርሳት አልቻልኩም።

ታናሽ እህቴ ያን ጊዜ አሥረኛ ክፍል ጨርሳ ቤት ነበረች። እግሯ ደህና ነው። እኔ ደመወዝ ማግኘት ከጀመርኩ ወዲህ ጫማ አቋርጣ አታውቅም፤ ሸራ ጫማዋን በየምሽቱ እያጠበች ምድጃ ዳር ታደርቃለች። ለማንኩሳ ሰው ልጅ ታጭታ ነበር። ልጁ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚያስተምር ጭምት ነው፤ የተዋወቁትም ራሳቸው ናቸው፣ ቤተሰብ የገባው በኋላ ነው። ቤታችን ኔትወርክ ስለማይደርስ ስልክ ልትደውልለት ኮረብታው ላይ ትወጣለች፤ ስትወርድ ፊቷ በርቶ ትወርዳለች። ሠርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆርጦ ነበር።

«እታለም፣ ያን ጊዜ ፈቃድ ጠይቂ» ትለኛለች። «ሚዜዎቼን የምታሰለፊልኝ አንቺ ነሽ።»

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሕዝቡን በአንድ ለአምስት አደራጆች በኩል አስጠርታ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ገበሬ ማሠልጠኛው ግቢ ሰበሰበችልን። ሰው ብዙ መጣ። አማካሪዬ፣

«የአገሩ ልጅ አንቺ ነሽ፣ አንቺ ብታስረጂ ይሻላል» አሉኝ።

ተነሳሁ። ወረቀቱ ላይ ያለውን አነበብኩ፤ ጥናቱ ምን እንደሆነ፣ ማንም ሳይፈልግ እንደማይገደድ። ወረቀቱ «ዘረመል» ይላል። ከተማ ተቀምጦ የተረጎመው ሰው አልተሳሳተም፣ መጽሐፍም እንደዚያው ነው የሚለው። አንድ ጎልማሳ እጁን አወጣ።

«ዘረመል ማለት ምንድን ነው?»

ይህን ጥያቄ አዲስ አበባ ቢጠይቁኝ ሰሌዳ ላይ ሥዬ አስረዳ ነበር። እዚያ ግን በሚገባቸው ቋንቋ ልናገር ብዬ፣ «ከእናትና ከአባት በዘር የምንወርሰው ነገር ነው» አልኩ። አፈሩ ባይነካቸው ማንም እንደማይታመም ተናገርኩ። ጫማ ያደረገ፣ እግሩን በሳሙና የታጠበ እንደሚድን ተናገርኩ። ይህን ሁሉ ብያለሁ፤ አልካድኩም። ግን ሰዉ አንገቱን ደፍቶ ሲያዳምጠኝ፣ በተለይ ከኋላ ቅጥሩ ሥር እግራቸውን በነጠላ ሸፍነው የተቀመጡትን ሳይ፣ አንዳች ድፍረት ልስጣቸው ብዬ አሰብኩ። እኔ የተማርኩት ካላፈርኩ እነሱም አያፍሩም አልኩ።

«ለምሳሌ የእኛን ቤት ውሰዱ» አልኩ። «አያቴ ታመው ነበር። እናቴ ታማለች። እኔም ልጃቸው ነኝ፣ ይኸው በፊታችሁ ቆሜያለሁ። የሚያሳፍር ነገር የለውም።»

ከፊት የተቀመጡ አንድ አዛውንት ከዘራቸውን አገጫቸው ሥር አድርገው፣

«እንግዲህ፣ ልጄ፣ ዘር ነው ማለት ነው?» አሉኝ።

«አዎ፣ ግን...» አልኩ።

ከአዎ በኋላ ያለውን የሰማ ሰው የለም። ግቢው እንደ ንብ ቀፎ አጉረመረመ። እኔ ግን ምራቁን ለመስጠት የተሰለፈው ሰው ብዛት አስደስቶኝ ያን ቀን በደስታ ነው የተመለስኩት። ከሕዝቡ መሃል የእህቴ እጮኛ አጎት እንደነበሩ አላወቅሁም።

ፋሲካ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ቅዳሜ ዕለት ቤተሰብ ልጠይቅ ከፍኖተ ሰላም መጣሁ። ቤት ገብቼ ሳልቀመጥ ሦስት ሽማግሌዎች ከማንኩሳ ደረሱ። አባቴ አጎዛ አነጠፉላቸው።

«ቁጭ በሉ እንጂ፤ ቤት ያፈራውን...»

«አይ፣ ቆመን ብንሄድ ይሻላል፤ መንገዱም ሩቅ ነው» አሉ ትልቁ። ሽማግሌ በሰው ቤት ቆሞ ከተናገረ ነገሩ አልቋል። አባቴ ያን ጊዜውኑ አወቁት፤ እጃቸው አጎዛው ላይ ቀረ።

ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኛም እርስዎም አራሾች ነን። ገበሬ ዘር ከመጣሉ በፊት አይቶ ነው የሚጥል። ጎረቤት ቢያወራ ጎረቤት ነው፣ እናልፈው ነበር። የተማረችው ልጅዎ በአደባባይ ቆማ የመሰከረችውን ግን እኛ በምን አፋችን እናስተባብል? ክፉ አይዩብን።»

እኔ ዘልዬ ገባሁበት። «አባቶቼ፣ እንደዚያ ማለቴ አይደለም። እህቴ ደህና ናት። ጫማ ታደርጋለች፣ በሽታው ያለ አፈሩ አይመጣም...»

«አዎ ብለሻል፣ ልጄ» አሉኝ ሽማግሌው። ቁጣ የለባቸውም፤ እንዲያውም አዝነውልኝ ነበር። «እኛ ከአንቺ በላይ አናውቅም።»

አባቴ ቀና አሉ። «በሉ፣ ደህና ግቡ» አሉና እስከ በሩ ሸኟቸው።

እናቴ ከመደቡ ላይ አልተነሳችም። ያበጠ እግሯን በቀሚሷ ለመሸፈን ጫፉን ትጎትታለች፣ ይመለሳል፣ ትጎትታለች። እህቴ ጓዳ ነበረች፤ ሁሉንም ሰምታለች። ገብቼ ሳያት የሠርግ ቀሚሷን አጥፋ ሳጥን ውስጥ እያስገባች ነው። አታለቅስም።

«ምን ነበር ያልሽው፣ እታለም?»

«የተማርኩትን ነው።»

«ስለኔስ ምን ተማርሽ?»

ሳጥኑን ዘጋችና በላዩ ተቀመጠች፤ እንድነካት አልፈቀደችም።

ሰኞ ዕለት ሥራዬን ትቼ ማንኩሳ ወረድኩ። ልጁን ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ አገኘሁት። ሲያየኝ ሸሸ፤ ከዚያ አፍሮ ተመለሰ። ጠመኔ በእጁ እንደያዘ ነበር።

«አንተ አስተማሪ ነህ» አልኩት። «ነገሩ ይገባሃል። በሽታውን ጫማ ይከለክለዋል።»

«ገብቶኛል እኮ። እኔ ለእሷ ብዬ ተማሪዎቼን ሳይቀር በጤና ትምህርት ይህንኑ አስተምሬያለሁ።» ጠመኔውን ሰበረው። «አባቴን ግን እንዴት አድርጌ ላሸንፈው? በፊት ሰው ‹ዘራቸው ነው› ሲል ‹ያላወቀ ወሬ ነው፣ እህቷን ጠይቁ፣ የዚሁ ነገር ተማሪ ናት› እል ነበር። ጠየቁሽ።»

ደወል ተደወለና ክፍል ገባ።

ዳግማይ ትንሣኤ እንደሌላው እሑድ አለፈ። እህቴ ኮረብታው ላይ መውጣት ተወች። በዓመቱ መራዊ አጠገብ ቆጋ ላይ የመስኖ መሬት ያለው፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ሁለት ልጆች ያሉት ሰው ጠየቃት። ስለ ቤታችን አልሰማም ወይም ሰምቶ ግድ አልሰጠውም። «ልሂድ» አለች። ማንም አላስገደዳትም፤ ግን ማንም ደግሞ እልል አላለም። ትንሽ ድግስ ተደርጎ በሚኒባስ ወሰዷት። እናቴ እስከ መንገዱ አልሸኘቻትም። «የእኔን እግር አይተው ሐሳብ እንዳይለውጡ» ብላ ጓዳ ተቀመጠች።

እኔ አዲስ አበባ ተመለስኩ። ምራቁ ውጭ አገር ሄዶ እስኪነበብ ብዙ ወራት ወሰደ። በዚያ መሃል እናቴ እንደ ልማዱ በሽታው ተነሳባት፤ የዚያን ጊዜው ግን አልበረደም። ጤና ጣቢያ ወስደው ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል አሻገሯት፤ ስደርስ ራሷን ልትስት ትንሽ ቀርቷት ነበር። ግንባሯን ስዳስሰው ዓይኗን ገለጠች።

«ለእህትሽ እኔ ነኝ ያወረስኳት» አለችኝ። «እግሬን ሳይሆን ዕድሌን።»

«እንደሱ አትበዪ፣ እማ።»

«አንቺው አይደለሽ ያልሽ?»

ይህ ከእሷ ጋር የተነጋገርኩት የመጨረሻው ነገር ነው። ስትናገረው ልትወቅሰኝ አልነበረም፤ አምና ነው። ልጇ የተማረች ናት፣ ልጇ ያለችው እውነት ነው። በማግሥቱ ዐረፈች። የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር አልፋ የገባችው በተቀበረች ቀን ነው፣ ሰው ተሸክሟት።

ተዝካሯን አውጥተን ጥቂት ወራት እንደቆየን ውጤቱ መጣ። ፋይሎቹን ከፈትኩ፤ ረድፍ በረድፍ ቁጥርና ፊደል ነው። ስሌቱን ስንጨርስ የታመሙትን ካልታመሙት የሚለይ ምልክት ያለበት ቦታ ተገኘ፤ ሰውነት ራሱን ከባዕድ ነገር የሚከላከልበትን ሥራ የሚመራ አካባቢ ነው። ቢሮው ሁሉ ተደሰተ፣ አማካሪዬ ተነስተው እጃችንን ጨበጡን። እኔም ሳቅሁ። ሁሉም ምሳ ሲወጣ ግን ማድረግ የሌለብኝን አደረግሁ፤ በእጄ የጻፍኩትን የእናቴን ቁጥር ፈለግሁ።

ምልክቱ እሷ ላይ አልነበረም።

ደግሜ አየሁት። ቁጥሩን ከመዝገቡ ጋር አስተያየሁት። ያገኘነው ምልክት ከታመሙት ብዙዎቹ ላይ አለ፣ ከጤነኞቹም አንዳንዶቹ ላይ አለ፤ እናቴ ላይ የለም። ለአማካሪዬ ሄጄ ነገርኳቸው፤ ማየቴንም ጭምር። በመጀመሪያ ተቆጡኝ፤ ተገቢ ነበር። ከዚያ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ይህ ስለ አንድ ሰው ምንም አይናገርም፣ ታውቂዋለሽ» አሉኝ። «ሌላ ያላየነው ቦታ ላይ ሊኖርባቸው ይችላል። ላይኖርባቸውም ይችላል። የእኛ ሥራ የብዙ ሰው እንጂ የአንድ ሰው አይደለም።»

«አውቃለሁ» አልኳቸው። አውቃለሁ። ለሌሎች ተማሪዎች ያስተማርኩትም ይህንኑ ነበር። ያን እሑድ ግን የብዙ ሰውን ነገር ወስጄ በአንድ ቤት ላይ የጫንኩት እኔ ነኝ፣ ያውም በራሴ ቤት ላይ።

ለእህቴ መንገር አለብኝ ብዬ መራዊ ሄድኩ። ከመራዊ ባጃጅ ይዤ ቆጋ ወረድኩ። ሽንኩርት ማሳዋ ውስጥ አገኘኋት፤ ቦት ጫማ አድርጋ የመስኖውን ውኃ በአካፋ እየመራች ነበር፣ የመጀመሪያ ልጇን አዝላለች። የባሏ ልጆችም ሁለቱም ጫማ አድርገው ቦዩ ዳር ተቀምጠዋል። ሰላም ተባባልን። ውኃውን ዘግታ ድንበሩ ላይ ተቀመጠችና ሁሉንም ነገርኳት፤ ስለ ፋይሉ፣ ስለ ቁጥሩ፣ አማካሪዬ ስላሉኝ። 

«ታዲያ ዘር አይደለም ማለት ነው?» አለችኝ።

«አይደለም ማለትም አልችልም። ነው ማለትም አልችልም። የእማን አላውቅም ማለት ነው።»

ጭቃውን ከአካፋው ላይ በጣቷ ትፍቅ ነበር፤ ተወችው።

«ያን ቀን እንደዚህ ብትዪ ምን ነበረበት?» አለች። «‹አላውቅም› ብትዪ?»

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። እኔ አለቀስኩ፤ እሷ አላለቀሰችም። ልጇ ሲነቃባት አውርዳ አጠባችው። ከዚያ ምሳ አቀረበችልኝ፣ ሽሮ ነበር፤ አብረን በላን። ባሏ ደግ ሰው ነው፤ ስወጣ ድንች በማዳበሪያ ሞልቶ ባጃጁ ላይ ጫነልኝ። ስለ ሥራዬ ጠየቀኝ፣ እኔ መልስ ከመስጠቴ በፊት እህቴ ወሬውን ወደ ውኃ ተራ አዞረችው።

ሥራውን አልተውኩትም። ብዙ ሰው ይህን ስነግረው እንደምተወው ይጠብቃል። ከዚያ በኋላም ለናሙና ገጠር ወጥቻለሁ፤ ለሰዉ የሚነበበውን ወረቀት የምጽፈው አሁን እኔ ነኝ፣ መስክ ከመውጣታችንም በፊት ለገበሬ እናቶች አንብቤ ምን እንደሰሙ መልሰው እንዲነግሩኝ እጠይቃለሁ። አንዳንዴ ሦስቴ አራቴ እንደገና እጽፈዋለሁ። ወጣቶች ይህን ሙያ ሊማሩ እየመጡ ነው፤ ላፕቶፓቸው ከእኔ ዘመን ይፈጥናል። አስተምራቸዋለሁ።

ልጁ፣ ያ የማንኩሳው መምህር፣ ሌላ አግብቶ ቡሬ ተዛውሯል ይባላል። አባቴ አሁንም ያርሳሉ። እህቴ ሁለት ልጆች ወልዳለች። በእናታችን መታሰቢያ በዓመት አንዴ አባቴ ቤት እንገናኛለን፤ በመሃሉ በስልክ ስለ ሽንኩርቱ እጠይቃታለሁ፣ እሷ ጤንነቴን ትጠይቀኛለች። ጎረቤቶቿ ስለ እኔ ሲጠይቋት «አዲስ አበባ የምታስተምር እህት አለችኝ» ትላቸዋለች። ምን እንደማስተምር ግን አትነግራቸውም።